የምሥራቁ ጥግ ቤት

ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባላል። የሰውየው ስም ግን የወጣው ከጉድጓድ ነው። የሕንፃ መሠረት ቁፋሮ ፎርማን ስለነበረ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ከጭቃ ጋር ሲታገል የሚያዩት ሠራተኞች «ጭቃ ሹም» አሉት። ስሙ ቤቱ ድረስ ተከትሎት ገባና ሚስቱ ሳትቀር ደስ ሲላት «ሹሜ» ትለው ጀመር። እሱም አልጠላውም። ሌላ ሰው ሕንፃ ሲያይ ወደ ላይ ያንጋጥጣል፤ እሱ የሚያየው ወደ ታች ነው። «ሕንፃ ማለት የማይታየው ነው፤ የሚታየውማ ቀለም ነው» ይል ነበር።

ሥራውን ያስተማረው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። ተቋራጭ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ «ወንድም ጋሼ» ይለዋል። ጭቃ ሹምን ከድንጋይ ተሸካሚነት አንሥቶ ማሽን አስያዘው፤ ከማሽን አንሥቶ ፎርማን አደረገው፤ በመጨረሻም እህቱን ዳረለት። ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ጠባይ ግን ነበረው፤ ነገር ከአፉ አንዴ ከወጣ እውነት ይመስለዋል።

ይህ ወንድም ጋሼ ከከተማው ዳር፣ ድሮ ደንገል ይበቅልበት በነበረ ረግረግ ላይ ባለ አምስት ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ሊሠራ ተነሣ። እንዲህ ያለ መሬት ላይ እንደ ደረቅ መሬት ድንጋይ ደርድሮ መሠረት ማውጣት የለም። ጭቃው እስከ አለቱ ድረስ ይበሳል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ብረት ይገባል፤ አርማታ ይሞላበታል። ፓይል የሚሉት ይህንን የአርማታ እግር ነው። እግሩ አለት ከረገጠ ላዩ ረግረግ ሆነ ባሕር ሕንፃው ግድ የለውም። ካልረገጠ ግን የቆመው በጭቃ ምሕረት ነው።

ሥልሳ አራት ፓይል ታዘዘ። ሃምሳ ሰባቱ ሃያ ሁለት ሜትር ላይ አለት አገኙ። ያስቸገሩት በምሥራቁ ጥግ ያሉት የመጨረሻዎቹ ሰባት ናቸው። ስድስት ቀን ሙሉ ጉድጓዱ አልቆም አላቸው። ገና ሲበሱት ጎኑ ይናዳል፤ ከሥሩ ውሃና ጥቁር ጭቃ ይተፋል። በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አሥራ ስምንት ሜትር ላይ ማሽኑ አጉረመረመ። ሠራተኞቹ «አለት! አለት!» ብለው አጨበጨቡ።

ጭቃ ሹም አላጨበጨበም። አለት ሲነካ ንዝረቱ ከጫማ ተነሥቶ ጥርስ ድረስ ይደርሳል፤ አይቋረጥም። ይሄኛው አጉረመረመና ለስለስ አለ። መሰርሰሪያው ይዞት የወጣውን በመዳፉ አሸት አሸት አድርጎ አየው፤ ጠጠርና አሸዋ የተጋገረበት ስስ ቅርፊት ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄ አለት አይደለም» አለ። «ቅርፊት ነው። ከሥሩ እንደገና ጭቃ አለ። አለቱ በዚህ በኩል ቁልቁል ሳይወርድ አይቀርም።»

ወንድም ጋሼ ሰማዩን አየ። የዝናቡ ወራት ደጅ ላይ ቆሟል። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ታሞ ከተኛ ሳምንቱ ነው። ማሽኑ ደግሞ በማግሥቱ ሌላ ቦታ ይፈለጋል።

«ማሽኑ ቆመ ወይስ አልቆመም?»

«ቆሞ ነበር፣ ግን...»

«ከቆመ ቆመ ነው። ሰባቱንም እዚሁ ላይ ሙላና ሃያ ሁለት ብለህ ጻፍ። አራት ሜትር ምን አላት? ከአንድ ክፍል ቁመት ፈቀቅ አትልም።»

«እርስዎ ካሉ...»

«እኔ ብያለሁ።»

የቁፋሮው መዝገብ ላይ ሰባት ጊዜ «ሃያ ሁለት ሜትር፣ አለት» ብሎ ጻፈ፤ ሰባት ጊዜም ፈረመ። ጽሑፉ ከሌላው ቀን የተለየ አልነበረም። ዘግይቶ ሲያስበው የገረመው ይህ ነው።

ሕንፃው አለቀ፤ ተቀባ፤ ገዢ ግን ጠፋ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች በዚያ ባለፉ ቁጥር «እንቁራሪት አስነሥተው ሰው ሊያስገቡ!» እያሉ ስለሚስቁ ወሬው ከተማውን ዞረ። አንድ እሑድ፣ ቤተሰቡ ምሳ ላይ ተሰብስቦ ሳለ ወንድም ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለእማዬና ለእህቴ ስጦታ አለኝ» አለ። «የምድር ቤቱን ባለ ሦስት ክፍል፣ የምሥራቁን ጥግ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባበታል፤ ለእማዬ ጉልበት ይስማማታል።»

የጭቃ ሹም ሚስት ከወንበሯ ተስፈንጥራ ወንድሟ አንገት ላይ ተጠመጠመች። አሥራ አንድ ዓመት ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ዕቃ ስትቋጥርና ስትፈታ የኖረች ሴት ናት። አማቱ፣ አብረዋቸው የሚኖሩት፣ እጃቸውን ዘርግተው ልጃቸውን መረቁ። ጭቃ ሹም የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰው።

«ምድር ቤት... ለእማማ ብርድ አይሆንባቸውም?»

«ምን ነካህ?» ወንድም ጋሼ ሳቀ። «መሠረቱን የቆፈረ ሰው ከነሚስቱ፣ ከነአማቱ ገብቶ ሲኖር ሕዝቡ ያያል። ከዚያ በኋላ ማን ይፈራል? ወይስ አንተ ራስህ ትፈራለህ?»

ሁሉም ዞሮ አየው። እምቢ ቢል ምክንያቱን ይጠየቃል፤ ምክንያቱ ደግሞ በገዛ ፊርማው ሥር ተቀብሯል።

«እግዜር ይስጥልን» አለ።

በወሩ ገቡ። በሦስት ወር ውስጥ ሕንፃው ሞላ። ወንድም ጋሼ እንዳለው ነው የሆነው፤ ገዢ ሲመጣ ጥበቃው መጀመሪያ የሚያሳየው የጭቃ ሹምን በር ነበር። «የመሠረቱ ፎርማን እዚህ ነው የሚኖር» ይላል፤ ሰውየውም ቤተሰቡን ሰብስቦ ይገባል። ጭቃ ሹም ከውስጥ ሆኖ ይሰማል። መውጣት ይፈልጋል፤ ግን እሱ ከወጣ ለምን ወጣ ይባላል። እንደ መያዣ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ያስያዘውም ራሱ።

የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ። ምናልባት ወንድም ጋሼ ልክ ሳይሆን አይቀርም፣ ቅርፊቱም ችሎታል ብሎ እንቅልፍ መተኛት ጀመረ። በሁለተኛው ክረምት መግቢያ ላይ የመታጠቢያ ቤቱ በር አልዘጋ አለ።

«እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ነው» አለች ሚስቱ።

«አዎ፣ ውሃ ነው» አላት። አልዋሸም።

መላጊያ ገዝቶ በሩን ላገው። ሳምንት ሳይሞላ የመኝታ ቤቱ በር ተከተለ። ከዚያ ቁምሳጥኑን ፈቀቅ ሲያደርግ፣ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ወለሉ ድረስ የወረደ ስንጥቅ አገኘ። ቀጭን መስተዋት ቆርጦ በስንጥቁ ላይ አግድሞ በጀሶ ለጠፈው። ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ መስተዋቱ ደህና ይሰነብታል፤ ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተሰበረ። ሌላ ለጠፈ። እሱ በዘጠኝ ቀኑ ተሰበረ።

«ቁምሳጥኑ ምን አደረገህ? በየቀኑ የምትገፋው?» አለችው ሚስቱ።

«አይጥ ያለ መስሎኝ።»

እሷም የዋህ ናትና ከቁምሳጥኑ ኋላ ወጥመድ አኖረች። በማግሥቱ ወጥመዱ የያዘው የባሏን ጣት ነው። ሚስቱ እስኪያማት ሳቀች፤ እሱም ወደው አይስቁ ሆኖበት አብሯት ሳቀ።

ጎረቤት ደግሞ አለ። ልክ ከእነሱ በላይ፣ አንደኛው ፎቅ ላይ፣ ቤቷን የሥራ ቦታ ያደረገች ልብስ ሰፊ ትኖራለች። የስፌት መኪናዋ ቀኑን ሙሉ ስታንጠከጥክ ከሥር ይሰማል። አራተኛው ፎቅ ላይ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር አሉ። መጀመሪያ የልብስ ሰፊዋ በር ያዘ። ጭቃ ሹም መላጊያውን ይዞ ወጣና ላገላት። ብትለው ብትሠራው አንዳች አልቀበልም አላት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር?» አለችው። «እጅዎ ይባረክ። እንዲህ ያለ ጎረቤት የት ይገኛል!»

እያንዳንዷ ቃል እንደ ምስማር ገባች። ከዚያ ወዲያ የሕንፃው በር አናጢ እሱ ሆነ። የሦስተኛው ፎቅ አራስ፣ የመምህሩ ወጥ ቤት፣ የልብስ ሰፊዋ ሁለተኛ በር። ልጎ ሲጨርስ ይመረቃል፤ ተመርቆ ይወርዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ የተሞላ ቀጭን ጎማ ይዞ አትክልት የሚያጠጣ መስሎ በሕንፃው ዙሪያ ይዞራል፤ በጎማው ውስጥ በሚቆመው ውሃ የምሥራቁ ጥግ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ይለካል። አምስት ሴንቲ። ስምንት። አሥራ አንድ።

ከሁሉም የከበዱት አማቱ ነበሩ። ጉልበታቸው ከድቷቸው ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ናቸው፤ ጆሯቸው ግን የጥበቃ ውሻ ጆሮ ነው።

«ይሄ ቤት ዛሬም ጎኑን ሲለውጥ ነበር» ይሉታል ከሥራ ሲገባ።

«የላይኞቹ ዕቃ ሲገፉ ይሆናል፣ እማማ።»

«ዕቃስ ሲገፋ እንዲህ አያቃስትም» ይሉና ዓይናቸውን ዓይኑ ላይ ያቆዩታል። እሱ መድኃኒታቸውን ፍለጋ ዞር ይላል።

አሥራ አንድ ሴንቲ በሞላ ጊዜ ወንድም ጋሼ ቢሮ ሄደ። በሩን ዘግቶ ሁሉንም ነገረው። ወንድም ጋሼ እስክሪብቶ እያገላበጠ ሰማው።

«አዲስ ቤት ትንሽ ይቀመጣል» አለ በመጨረሻ። «ሶፋ ላይ ስትቀመጥስ አይሰምጥም?»

«ሶፋ ከሁሉም በኩል ነው የሚሰምጠው። ይሄ በአንድ ጎን ነው። ሰው እናውጣ፣ ወንድም ጋሼ። ባለሙያ ይየው።»

«ባለሙያ መጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድነው? መዝገብ። መዝገቡ ላይ የማን እጅ ነው ያለው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኔ ፊርማ አንድም ቦታ የለም። ላስፈራራህ አይደለም፤ እህቴን ባል አልባ እንዳታደርጋት ብዬ ነው። ክረምቱ ይለፍ። መሬቱ ሲደርቅ ይቆማል።»

ረግረግ መሬት መቼ ይደርቃል? ሁለቱም ያውቁታል። ግን ጭቃ ሹም ከዚያ ቢሮ የወጣው እንደ ገባው ሆኖ ነው። መንገድ ላይ ቆሞ ለሚስቱ እንዴት እንደሚነግራት ሞከረ። «የወንድምሽ ቤት...» ብሎ ጀመረና ተወው፤ «እኔ የጻፍኩት...» ብሎ ጀመረና ያንንም ተወው። ቤት ሲደርስ አዲስ መጋረጃ ስትሰቅል አገኛት። መሰላሉን ያዘላት።

ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘንቦ ሐሙስ ሆነ። በዝናቡ ምክንያት ሥራ ስለቆመ ጭቃ ሹም ቤት ውሎ ነበር፤ ሚስቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፣ ሥራ ሄዳለች። ረፋዱ ላይ ለአማቱ መድኃኒት ሊሰጣቸው ክፍላቸው ገባና ብርድ እንዳይመታቸው በሩን ከኋላው ዘጋው። ብርጭቆውን እያቀበላቸው ሳለ፣ ወፍራም ሳንቃ ለሁለት ሲሰነጠቅ ያለ ድምፅ ከወለሉ ሥር መጣ። አልጋው ተንቀጠቀጠ። የመስኮቱ መስተዋት ከጥግ እስከ ጥግ ተተረተረ፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ አንድ ጎን ሄዶ እዚያው ቀረ።

ወደ በሩ ሮጠ። እጀታው ይዞራል፣ በሩ ግን አይነቃነቅም። የበሩ ክፈፍ ከላይ ወርዶ ነክሶታል። በትከሻው ገጨው፤ በእግሩ መታው። ግድግዳ የመታ ያህል ነው። መስኮቱ የሌባ መከላከያ የብረት ፍርግርግ አለበት፤ ያስገጠመውም እሱ ነበር። መላጊያውና ዲጂኖው ትናንት የመምህሩን በር ሲያበጅ አራተኛ ፎቅ ላይ ቀርተዋል። ስንት በር ከፍቶ የኖረ ሰው፣ ባዶ እጁን ቆመ።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር። ልማድ ክፉ ነው፤ መጀመሪያ የደወለው ለወንድም ጋሼ ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ የወንድም ጋሼ ድምፅ ደግሞ ትልቅ ስለሆነ፣ አልጋው ድረስ ይሰማ ነበር።

«ስማኝ» አለ ወንድም ጋሼ። «አንድ ሰው እልካለሁ፤ በጸጥታ ይከፍትላችኋል። አንድ ሰዓት ጠብቅ። ሰው እንዳትጠራ። አንድ ሰው ከጮኸ አለቀልን።»

«እማማም አብረውኝ ናቸው።»

«አንድ ሰዓት ምንም አይሆኑም» አለ ወንድም ጋሼ ቀስ ብሎ፣ ዘጋውም።

ጭቃ ሹም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከላይ የልብስ ሰፊዋ መኪና ጠክ ጠክ ጠክ ይላል። ድምፁን የሰማችው ቢሆንም ነጎድጓድ መስሏት ሥራዋን ቀጥላለች።

«ስንት ነው የጎደለው?» አሉ አማቱ።

«ምኑ፣ እማማ?»

«አትሞኘኝ። ልጄን እኔ ነኝ የወለድኩት። ነገር ሲያስቸኩለው ከሥር አሳጥሮ ከላይ እንደሚያስውብ ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ። ስንት ጎደለ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ከወንድም ጋሼ በቀር ለሰው ያልተነፈሰው ነገር ለእኚህ መነሣት ለማይችሉ ሴት ወጣ። ሰባቱን፣ ቅርፊቱን፣ ፊርማውን፣ ከቁምሳጥኑ ኋላ ያለውን መስተዋት ሁሉ ነገራቸው። አይጡንም ጭምር። አማቱ ጣሪያውን እያዩ ሰሙት።

«እናቱን እዚህ ላይ ያስተኛው አውቆ ነው?» አሉ።

«አይደለም። እሱ ካለ ሆነ ብሎ ነው የሚያምነው። ያወቅኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ አንተ ትብሳለህ» አሉት።

መልሱንም አልጠበቁም።

«አሁን ከላያችን ስንት ሰው አለ?»

በጣቱ ሳይሆን በበሮቻቸው ቆጠራቸው፤ እያንዳንዱን በር በእጁ ያውቀዋል። «ልብስ ሰፊዋ ከሠራተኞቿ ጋር... አራሷ ከነሕፃኗ... መምህሩ... አሥራ አራት ይሆናሉ።»

«አሥራ አራት ሰው ከላይህ አስቀምጠህ፣ ታች ቁጭ ብለህ ማንን ነው የምትጠብቀው?»

ተነሣ። የተሰነጠቀውን መስተዋት በክርኑ መታው፤ ዝናቡ ፊቱ ላይ ገባ። ፍርግርጉን በሁለት እጁ ጨብጦ አፉን ከፈተ። አንዴ ከጮኸ መመለሻ እንደሌለው ያውቃል፤ ሥራው፣ ትዳሩ፣ ስሙ በዚህች አንዲት ትንፋሽ ያልቃሉ።

«ውጡ!» አለ። «ሁላችሁም ውጡ! ቤቱ እየሰጠመ ነው! ውጡ!»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

ወዲያው ደረጃው በእግር ኮቴ ተናወጠ። ሰው ግን ወደ ውጭ አይደለም የሮጠው፤ ወደ እሱ ነው። የልብስ ሰፊዋ ድምፅ በሩ ላይ ደረሰ። «ጋሼ! ምን ሆኑ? አይዞዎት፣ መጥተናል!»

«በሩ ይዟል፤ እኔን ተዉኝ! መጀመሪያ ሰው አውጡ! አራሷን አውርዱ!»

«ሠራተኞቼ አራሷን እያወረዱ ነው። እርስዎንና እማማን ትተን የት እንሄዳለን?»

መምህሩ ዲጂኖውን በሰባ ዓመት ትከሻቸው ተሸክመው ወረዱ። ከውጭ እሳቸውና ጥበቃው፣ ከውስጥ እሱ፣ በሩን ከነክፈፉ ነቀሉት። ልብስ ሰፊዋ አማቱን አዝላ አወጣቻቸው፤ እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት እንዳመጣች እሷም አታውቅም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አሥራ አራቱም፣ ሁለቱም፣ ጥበቃውም ከመንገዱ ማዶ ባለ የሱቅ ታዛ ሥር ቆመው ሕንፃውን ያያሉ። ከሩቅ ሲታይ ምንም አልሆነም። አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘመመ ቤት ነው።

«እግዜር ነው እርስዎን እዚያ ያኖርልን» አሉ መምህሩ እጁን ይዘው። «እርስዎ ባይነቁበት...»

«መምህር፣ አይበሉኝ» አለ። እጁን ከእጃቸው አላቀቀ። «አልነቃሁበትም። አውቅ ነበር። በዚህ ጥግ ያሉት ሰባት ፓይሎች አለት አልነኩም። ነክተዋል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ሕፃኑን ይዛ ነበርና ለእናቱ መልሳ ሰጠቻት። ከዚያ ዞረች።

«እና በሬን ሁለት ጊዜ ስትልግ ታውቅ ነበር?»

ከእርስዎ ወደ አንተ ወርዳለች። በጥፊ ብትመታው ይሻለው ነበር።

«አውቅ ነበር» አለ።

ወንድም ጋሼ የላከው በር ከፋች በአንድ ሰዓቱ ደረሰ፤ በጸጥታ የሚከፈት ነገር ግን አልነበረም።

ባለሙያዎች መጡ። የምሥራቁ ጥግ አሥራ ዘጠኝ ሴንቲ ወርዷል፤ ከጎኑ ሲቆፈር አለቱ የተገኘው ሃያ ዘጠኝ ሜትር ላይ ነው። ሕንፃው አልወደቀም። የሰው ሕይወት አልጠፋም። ሊያቆሙት ቢሞክሩም ስላልሆነላቸው ከላይ ወደ ታች ፎቅ በፎቅ አፈረሱት፤ ለነዋሪዎቹም ወንድም ጋሼ ምትክ ቤት እንዲሰጥ ተፈረደበት። ልብስ ሰፊዋ ሌላ ሰፈር ሱቅ ይዛ መኪናዋን ተከለች።

ችሎት ላይ ወንድም ጋሼ «እኔ አላዘዝኩም፤ ፊርማዬን ያሳዩኝ» አለ። ምናልባት ይህንንም ከአፉ ከወጣ በኋላ አምኖት ይሆናል። ሌላ ምስክር አልነበረም። ያኔ አማቱ ወንበር ላይ ሆነው በሰው ሸክም ገቡ። «አምጬ የወለድኩት ልጅ ነው» አሉ ዳኛው ፊት፣ «እዋሽለታለሁ ብዬ አስቤ ነበር የመጣሁት። ግን በስልክ ያለውን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።» የሰሙትን ቃል በቃል ተናገሩና ወደ ቤት መልሱኝ አሉ። ወንድም ጋሼ ሦስት ዓመት፣ ጭቃ ሹም ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው።

ሚስቱ አምስት ወር ሙሉ አልጠየቀችውም። በስድስተኛው ወር እስር ቤቱ መጥታ ከመጠየቂያው የእንጨት አጥር ማዶ ቆመች። ከስታ ነበር። ወንድሟንም ባሏንም በአንድ ቀን ያጣች ሴት ምን ትመስላለች ቢባል እሷን ማየት ይበቃል።

«ስለ ፊርማው አይደለም» አለች። «ወንድም ጋሼን እምቢ ማለት እኔም አልችልበትም። ሁለት ዓመት አጠገብህ ስተኛ ነው። ስትነቃ፣ ስትገላበጥ፣ ሌላ ሴት ያለህ መስሎኝ ነበር እኮ! ኪስህን ሁሉ ስፈትሽ ነው የኖርኩት። ምነው ሌላ ሴት በሆነች ኖሮ።»

«እንድትፈሪ አልፈለግኩም ነበር» አላት።

«የፈራኸው እኔን ነው» አለች፤ ሄደችም። ግን በሚቀጥለው ወር ተመልሳ መጣች፤ ከዚያም በየወሩ። ብዙ አታወራም። የእናቷን ጤና፣ የሥራ ቦታዋን ወሬ ነግራው ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ወንድሟንም ልትጠይቀው ሄዳ እንዳለቀሰባት ነገረችው፤ ምን ብሎ እንዳለቀሰ ግን አልነገረችውም።

የተፈታ ቀን በር ላይ ታክሲ ይዛ ጠበቀችው። ከኋላ አብረው ተቀመጡ። መንገዱ ዳገት ነበር፤ የተከራየችው ቤት ከተማው ጀርባ ካለው ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ነው። ሾፌሩ ሬዲዮውን ዝቅ አደረገላቸው።

«እማዬ ስለ አንተ መጠየቅ አላቆመችም» አለችው መስኮቱን እያየች። «ሌላ ክፍል አዘጋጅቼልሃለሁ። ለብቻህ ነው። እኔ ገና ነኝ።»

«እጠብቃለሁ» አላት።

«መጠበቅስ ታውቅበታለህ» አለች።

ወዲያው የተናገረችው ራሷን አስደነገጣት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሱ ዞሮ አያት። ከእጇ ሥር ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ነገር አመለጣትና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሊነካት እጁን አነሣ፤ ከዚያ አስቦ ጉልበቱ ላይ መለሰው። ታክሲው ማርሽ ቀይሮ ዳገቱን ተያያዘው።